የወንድሜ ሳቅ የነበረበት ቻናል

ሰዓሊዎች አሁንም ይደውሉልኛል። አብዛኞቹ ትምህርታቸውን በቅርቡ የጨረሱ፣ አለቃም ደመወዝም የሌላቸው፣ በየቤታቸው ተቀምጠው የሚሥሉ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "ያን ሁሉ ተከታይ እንዴት ነው ያፈራኸው?" ዱሮ ቢሆን ደስ ብሎኝ፣ ትንሽም እየጎረርኩ አስረዳቸው ነበር። አሁን "ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን" ብዬ እዘጋዋለሁ። ኩራተኛ እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ፤ ይበሉኝ። የጥያቄያቸው መልስ አንድ ሳቅ ነበር። ሳቁ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ወንድሜ ሞቷል፤ ሳቁም ዛሬ የትም አይገኝም። ይህን ለማላውቀው ልጅ በስልክ እንዴት ብዬ እጀምረዋለሁ?

እኛ የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ነበርን። አባታችን እኛ ልጆች እያለን ነው የሞተው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የሕንፃ ዕቃ ጭኖ አንዳንድ ቀን እዚሁ ለሚ ኩራ ውስጥ ወዳሉት ግንባታዎች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። እኔ ሰዓሊ ነኝ። በእርሳስና በከሰል የሰው ፊትና የሰው እጅ እሥላለሁ። ቀለም የምይዘው ሰው ግድግዳ ሲያሠራኝ ብቻ ነው።

ብዙ ዓመት ሥዕሎቼን በትልቅ የካርቶን ማኅደር ሸክፌ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያሉትን ካፌዎች፣ ሆቴሎችና የሥዕል ማሳያ ቤቶች ስዞር ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ጥበቃዎቹ ፊት ይነሱኛል። ማኅደሩን ቦምብ የያዝኩበት ይመስል ገልብጠው ይፈትሹታል። ከእነሱ ባልፍ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ የሚባል አለ። አንዷን አልረሳትም። የሣልኳቸውን እጆች አንድ ሁለቱን ገልጣ አየችና ማኅደሩን ዘጋችው። "ያምራል። እስቲ ገጽህን አሳየኝ" አለች። ስልኬን ሰጠኋት። ከሥዕሎቹ ይልቅ ስልኩን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። "ማንም አይከታተልህም እኮ። እኛ ሥዕል የምንሰቅለው ሰዓሊው ሰው ይዞ እንዲመጣልን ነው" አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የተናደድኩት፤ የኔ ንዴት ሁልጊዜ አርፍዶ ነው የሚመጣው።

ገጽ አልነበረኝም ማለት አይደለም። ቻናልም ከፍቼ ነበር። ያለቀ ሥዕል ነጭ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ፎቶ አነሣና እለጥፋለሁ፤ ከሥሩ "የእጅ ጥናት፣ ከሰል በወረቀት" ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ማን አየው እያልኩ በየደቂቃው እከፍተዋለሁ። የሚያዩልኝ አብረውኝ የተማሩ ሰዓሊዎች ነበሩ። እኔም የእነሱን አይላቸዋለሁ። ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው እርስ በርስ ስንጽናና ነው የኖርነው። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ ያይና፣ "አቶ ሰዓሊ፣ ይኼ የመታወቂያ ፎቶ ነው እንዴ? ሰው የታለ?" ይለኛል። ስለ ሥዕል ምን ያውቃል እያልኩ መለጠፌን እቀጥላለሁ።

አንድ ምሽት እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ ዱካ ላይ ተቀምጬ እጇን እሥላለሁ። ወንድሜ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከሶፋው ጫፍ ተጋድሟል። ስልኩን አንሥቶ እየቀረጸን መሆኑን አላየሁም። እማዬ ቀና ብላ ወረቀቱን ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይኼ የኔ እጅ ነው? የመቶ ዓመት አሮጊት አደረግኸኝ እኮ! መስመሩን ቀንስልኝ።"

"እማዬ፣ ያለውን ነው የምሥለው።"

"ያለውን ማን ጠየቀህ?"

ወንድሜ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ባትሪው የደከመ መኪና ሲነሣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበረው። መጀመሪያ እህህ እህህ እያለ ይሞክራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ከዚያ አንዴ ከተነሣ ግን የሚያቆመው የለም። እማዬ በሽንኩርት ልጣጭ ወረወረችው። እሱ ስልኩን ይዞ እየሳቀ ሲንፈራገጥ ስልኩ ጣሪያውን፣ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የውሃ እድፍ፣ የተሰጣውን ልብስ፣ ሁሉንም ቀረጸው።

ያንን ቪዲዮ እኔን ሳይጠይቅ ቻናሉ ላይ ለቀቀው። ጠዋት ሳየው ክው አልኩ። የተንቀጠቀጠ ምስል፣ የተዝረከረከ ቤት፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ። "አዋረድከኝ! ሥዕሉ የታለ? ሥዕሉ እኮ አይታይም!" ብዬ ጮህኩበት። "ሰው ግን ይታያል" አለኝና ቁልፉን ይዞ ወጣ። ላጠፋው ስል ነበር። ግን ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች ጽፈው አገኘሁ። "እናትህ ትክክል ናቸው፣ ቀንስላቸው።" "ይኼ የሚስቀው ማነው?" "የኔም እናት እጅ እንዲህ ነው።" እያነበብኩ ቆምኩ። ሳላጠፋው ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ እኔ ሣልኩ፣ እማዬ ተሣለች፣ እሱ ቀረጸ፣ ሳቀም። የሚያውቀውን ሁሉ የሚያውቀው ከጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሰው ሲያይ ውሎ ነው። "ያለቀ ሥዕል ለሰው ምን ያደርግለታል? ሲሠራ ይየው። ሲበላሽም ይየው" ይለኛል። የተሳሳተ መስመር ስሰርዝ ስልኩን አስጠግቶ እሱኑ ይቀርጻል። "ሼር አድርጉ ብለህ አትለማመጥ፣ ለማኝ ትመስላለህ" ይለኛል። ቪዲዮውን የሚለቀው ሰው ከሥራ ወጥቶ መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ በተሰለፈበት ሰዓት ነው። "ተሰላፊ ሰው እግሩ ያመዋል፣ ሆዱ ይርበዋል፣ ፊት ለፊቱ የሌላ ሰው ጀርባ ነው የሚያየው። ያኔ የእናትህን ፊት ስጠው" ይል ነበር። አንድ ቀን ብንዘል "የት ጠፋችሁ?" የሚሉ ሰዎች መጡልን። እኔ ያን ያህል ዓመት ማኅደር ተሸክሜ ስዞር አንድ ሰው እንኳ የት ጠፋህ ብሎኝ አያውቅም።

እማዬ ደግሞ የራሷን አመጣች። ወንድሜ ቻናሉን ስልኳ ላይ ከፍቶላት የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ጀመረች። "እነዚህ ሰዎች ቤታችን መጥተው ዝም ትላላችሁ? ሰው ቤት የመጣን እንግዳ ሳያናግር ይሸኛል?" ብላ ተቆጣችን። ከዚያ ወዲያ ለያንዳንዱ ትመልሳለች። መልሷ ምንጊዜም አንድ ነው፤ "እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። በልተሃል?" "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። በልተሻል?" ሰው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። በኋላ መመለስ ጀመረ። የበላውን ይነግራታል፣ ያልበላው ትቆጣኛለች ብሎ ይፈራል። አንዲት የአዳር ተረኛ ነርስ "አልበላሁም እማማ" ብላ ብትጽፍላት፣ እማዬ መልሳ መላልሳ ስትጽፍባት፣ በመጨረሻ ልጅቷ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ ፎቶ ላከችላት። ቻናላችን የታወቀው በዚህ ነው። ተሳዳቢ ሲመጣ የምታጠፋበትንም ወንድሜ አሳይቷት ነበር። "ጣትሽን እላዩ ላይ ረዘም አድርገሽ ትጫኚና ታስወግጂዋለሽ" አላት። ሥልጣኑን ወደደችው። መነጽሯን አድርጋ ስትጫን ቆይታ "ይኼን ባለጌ ከክፍል አስወጣሁት" ትለናለች።

ሥራ መጣ። ሥዕል የሚያዝዙ ሰዎች በውስጥ መስመር ይጽፉልኝ ጀመር። ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር የሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ትልቁን ግድግዳውን እንድሥልለት ጠራኝ። ባለቤቱ በር ላይ ጠብቆ ተቀበለኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ "እናትዎ እንዴት ናቸው? ያ የሚስቀው ልጅስ?" ብሎ ነው። ስለ ሥዕሉ አንድም ቃል አላነሣም። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኛል። ዓመታት የለፋሁበት እጄ ነው፤ ሰው የሚመጣው ግን ለእማዬ አፍና ለእሱ ሳቅ ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ለወንድሜ ነገርኩት። "ታዲያ ምናለበት? እኛ ሰውየውን እናስገባልሃለን፣ አንተ ግድግዳውን አሳየው" አለኝ። ቀናሁበት። አሁን የሚያቃጥለኝ ያ ቅናት ነው።

ሌላም ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ፣ በኋላ ስለሚመጣ። ወንድሜ ቪዲዮዎቹን አሳጥሮ አጫጭር ቪዲዮ የሚወጣባቸው ሌሎች ገጾች ላይም ይለቃቸው ነበር። እዚያ ግን ያለ ዘፈን ማንም አያይም ብሎ ድምፁን ያጠፋና ሙዚቃ ይጭንበታል። ሳቁ ያለበት ሙሉው ቪዲዮ የሚገኘው ቻናላችን ላይ ብቻ ነው። ስልኩ ደግሞ ምንጊዜም ሙሉ ነበር። ቻናሉ ላይ የለቀቀውን ወዲያው ከስልኩ ያጠፋዋል። "አስቀምጠው እንጂ" ስለው፣ "ቻናሉ ላይ አለ አይደል? እዚያ አይጠፋም" ይለኛል።

ያን ቀን ሴራሚክ ጭኖ ወደ ሐዋሳ ሄደ። እኔ ሩዋንዳ ግድግዳዬ ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ከመሰላል ወርጄ እጄን በጨርቅ እያበስኩ ስልኬን ከፈትኩ። የሠራሁትን ግማሽ ግድግዳ ላሳይ ፈልጌ ነው። ባለፈው ቀን ቪዲዮ ሥር አንድ ሰው ጽፏል። "ወንድማችን ነፍስህን ይማር። የሳቅህ ነገር አንጀቴን በላው።" ሌላ ቻናል ያየሁ መሰለኝ። ወጥቼ ተመልሼ ገባሁ። ጽሑፉ የለም። ተሳስቶ የጻፈ ሰው አፍሮ ያጠፋው መሰለኝ፤ እፎይ ልል ስል ሌላ መጣ። "እውነት ነው እንዴ? ዝዋይን አለፍ ብሎ ነው አሉ።"

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ሐዋሳ ላለው የአባቴ ወንድም ደወልኩ። 

"ጋሼ፣ ወንድሜ ምን ሆነ?"

"ማን ነገረህ?" አሉኝ።

 ከቀለም ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንደ ትልቅ ሰው ማዘዝ ጀመሩ። "አስከሬኑን ይዘን እየመጣን ነው። ነገ ንጋት ላይ ፓስተሩንና የእድሩን ሽማግሌዎች ይዤ ለሁለታችሁም ላረዳ ነበር። አንተ አንዴ ሰምተሃል፤ ምን ይደረጋል። እሷ ግን ከስልክ ላይ እንዳትሰማ። አደራህን። እራቷን በልታ፣ ጋደም ብላ ትደር። ሰው ሳይከባት እንዳትሰማ።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አላጣሁትም። አባቴ ሲሞት አይቻለሁ። ሞት በባዶ ሆድ አይነገርም፤ ለብቻ አይነገርም። ሰው በልቶ፣ ትንሽ አርፎ፣ ሲጮህ የሚይዘው እጅ በዙሪያው ቆሞ ነው መርዶ የሚሰማው። ለእኔ ያ ሁሉ ቀርቶብኛል፤ ለእማዬ ግን እንዲቀርባት አልፈለግኩም። እሷ ደግሞ ይኼን ጊዜ መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በልታችኋል ወይ እያለች ነው። ስልኬን ሳየው ሦስተኛ ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያ አራተኛ። እጄ በቀለም ስለተነከረ ስክሪኑ አልታዘዝ አለኝ። በሸሚዜ ጠረግኩትና የቻናሉን ማስተካከያ ከፈትኩ። እስከ ታች ወረድኩ። ቻናሉ ለሁሉም ሰው እንዲጠፋ እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ከጠፋ እንደማይመለስም አስጠነቀቀኝ። የታየኝ የእማዬ መነጽር ብቻ ነው። ተጫንኩት።

ሌላ መንገድ እንደነበረ በኋላ ነገሩኝ። አስተያየት መስጫውን ብቻ መዝጋት ይቻል ነበር አሉኝ። ይቻል ይሆናል። የሚነግሩኝ ሰዎች ያን ቀን እዚያ መሬት ላይ አልተቀመጡም።

ቤት ስደርስ እማዬ ወጥ እየሠራች ነው። ሳሎኑ ተጠርጎ ሶፋዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ መሐሉ ባዶ ነው። የጸሎት ቡድኗ የሚመጣ መስሎኝ አልጠየቅኋትም። ፊቷን ላለማየት ስል ቶሎ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።

"ኔትወርክ ጠፋ አይደል?" አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ። "ቻናሉ እንቢ አለኝ።"

"አዎ፣ ቦሌም የለም። የትም የለም። ላየው እስቲ" ብዬ ኢንተርኔቱን ዘጋሁና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

"ይሻላል" አለች።

ራት አቀረበች። ሁለት ዓይነት ወጥ ሠርታለች፤ ለሁለት ሰው ምን ይሠራል ብዬ አሰብኩ እንጂ አልገባኝም። "ብላ" አለችኝ። "አንቺ ብዪ" አልኳት። አጎረሰችኝ። አጎረስኳት። እንጀራውን በውሃ እያወራረድኩ ዋጥኩት። እኔን ሆን ብላ የምታስጨንቀኝ እስኪመስል ደጋግማ አጎረሰችኝ፤ እኔም አጎረስኳት። እንደዚያ ተፋጠን በልተን አናውቅም። ወንድሜ መንገድ በወጣ ቁጥር የት ደረሰ፣ ደወለ ወይ፣ በላ ወይ እያለች የምትነዘንዘኝ ሴት ያን ምሽት ስሙን አላነሣችም። እንዳትጠይቀኝ እየጸለይኩ ስለነበር ጸሎቴ የተሰማ መሰለኝ።

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ፓስተሩ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ አጎቴና የፎቃችን ጎረቤቶች ናቸው። እማዬ በሩን የከፈተችው ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ነው። ሽማግሌው ገና ቃል ሳይጨርሱ ጮኸች። እኔ ልይዛት ከኋላዋ ተዘጋጅቼ ቆሜ ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ እኔኑ ያዘችኝ፤ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ፣ አለሁልህ" እያለች አለቀሰች። ያኔም አልገባኝም።

ድንኳኑ በብሎኮቹ መሐል ተተከለ። ሰው መጣ። የማናውቃቸውም መጡ፤ ከገርጂ፣ ከአያት፣ ከየካ። ጫማቸውን በሩቅ አውልቀው የሚገቡ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ይገቡና "እኛ የቻናሉ ሰዎች ነን" ይላሉ። ያቺ ነርስ መጣች። ያን ሁሉ ጊዜ ተከታይ የምላቸው ሰዎች ጉልበትና ዕንባ ያላቸው መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። እማዬ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች እያንዳንዳቸውን በደከመ ድምፅ "በልታችኋል?" ትላቸዋለች። ያለቅሳሉ።

ከእነሱ መካከል ያስቀመጠ እንዳለ ጠየቅኩ፤ ቪዲዮ ያወረደ፣ የያዘ። ሁሉም ስልካቸውን ፈተሹልኝ። ቻናሉ ላይ አይጠፋም ብሎ ማንም አላስቀመጠውም። የላኩልኝ ከሌሎቹ ገጾች የወሰዱትን ነው። እማዬ ሽንኩርት ስትልጥ ይታያል፣ እጄ ሲሥል ይታያል፣ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እየሳቀ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚሰማው ግን ዘፈን ነው።

ድንኳኑ ፈረሰ፤ ሰውም ወደየሥራው ተመለሰ። እማዬ ስልኳን ይዛ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ጀመረች። "ቻናሉ አልተመለሰም?" ትለኛለች። "ከላይ ነው የዘጉት፤ ይመለሳል" እላታለሁ። በየጊዜው የሚዘጋ ነገር ስላለ ታምነኛለች። በማግስቱ ደግሞ ትጠይቀኛለች። ቀለም ልገዛ እያልኩ ከቤት እወጣለሁ፤ ሲኤምሲ ድረስ በእግሬ ሄጄ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እርሳሴን እየቀረጽኩ ሳለሁ፣ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ "ያን ቀን እኮ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ" አለችኝ።

ምላጩን አስቀመጥኩት።

"ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያየሁት። ባለጌ መስሎኝ ነበር። ደወልኩለት፤ አያነሣም። ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ። መሰላል ላይ ነህ። እላይ ሆነህ ብታየውስ? ብትወድቅብኝስ? አጠፋሁት። ሌላ መጣ፣ አጠፋሁት። አንዱ ሲጠፋ አንዱ ይመጣል። ሲያቅተኝ ጌታ ሆይ አንተው ዝጋው አልኩ። ወዲያው ሁሉም ጠፋ። ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ልጄ በልቶ ሳይተኛ አይሰማም አልኩ። ሶፋውንም አስጠጋሁ፤ ለሰው መቀመጫ።"

የሁለቱ ወጥ ነገር፣ የጉርሻው ነገር፣ ስሙን ያላነሣችበት ነገር፣ በሩን ለብሳ የከፈተችበት ነገር ያኔ አንድ በአንድ መጡብኝ። ያ ከዓይኔ ሥር የጠፋውን ጽሑፍም ያጠፋችው እሷ ነበረች። ልጇ የሞተባት ሴት ለእኔ ብላ ከምሳ ሰዓት ጀምራ እንደ አስተማሪ ክፍል ስትጠብቅ ውላለች። እኔ ደግሞ እሷን ልጠብቅ ብዬ ክፍሉን አፈረስኩት። 

"አሁን ግን ይመለስልኝ" አለች ስልኩን እያሻሸች። "ሌላ ምንም አልፈልግም። ያቺን ነጭ ሽንኩርት የላጥኩባትን ብቻ። ያኔ እንዴት እንደሳቀ ታስታውሳለህ? ሌሊት ሌሊት ሳቁን ላስታውስ እሞክርና መጀመሪያው ይመጣልኛል፣ መጨረሻው ይጠፋብኛል። አንዴ ብሰማው ይበቃኛል።"

  ፓስተሩ የሉም፣ አጎቴ ሐዋሳ ናቸው፣ ጎረቤት በሩን ዘግቶ ሥራ ሄዷል። እንዲህ ያለውን ነገር ለእናት ማን ነው የሚያረዳው? ተነሥቼ ኩሽና ገባሁ። የተረፈውን ሽሮ ምድጃ ላይ ጣድኩ። እንጀራ ትሪ ላይ ዘረጋሁ። ሽሮው እስኪፈላ ድረስ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ትሪውን ይዤ ወጣሁና ፊት ለፊቷ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ በልተሻል?" አልኳት።

ትሪውን አየች። ሰዓቱ ገና የምሳ አይደለም። ከዚያ እኔን አየችኝ። ስልኩን ጭኗ ላይ በፊቱ ደፋችው።

"ደግሞ ማን ሞተ?" አለችኝ።

ቆርሼ ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁ።

"መጀመሪያ ብዪ" አልኳት።